በወጥ ሽንኩርት የሴልን ስስ ሽፋን ማሳየት፦ ለባዮሎጂ ላብራቶሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድን የ9ኛ ክፍል ተማሪ የእጽዋት ሴል እንዲስል ቢጠይቁት፣ ሳያመነታ ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን ያሰምርና በውጨኛው ላይ «የሴል ግድግዳ»፣ በውስጠኛው ላይ ደግሞ «የሴል ሽፋን» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛውን መስመር የት እንዳየው ሲጠየቅ ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መጽሐፉ ላይ ነዋ፣ ቲቸር!» ልጁ እውነቱን ነው። የሴል ሽፋን፣ ማለትም ሜምብሬን፣ ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም፤ በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ሌንሱ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው በመካከላቸው ከ200 ናኖሜትር ያነሰ ርቀት ያላቸውን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ግድግዳውን ተለጥፎ የሚኖረውን ሜምብሬን በቀጥታ ያየ ተማሪ የለም፤ ያየ አስተማሪም የለም። መኖሩን ማሳየት የሚቻለው ከግድግዳው እንዲላቀቅ በማድረግ ነው፤ ይህንንም ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጥ የሚሠራበት ቀይ ሽንኩርትና የገበታ ጨው ብቻ ነው።

የማስተምረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከአቃቂ አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። ላብራቶሪያችን ሁለት የሚሠሩ ማይክሮስኮፖች አሉት፤ አንዱ የራሱ አምፖል ያለው ሲሆን ሌላው በመስታወት ብርሃን የሚሰበስብ አሮጌ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚያገለግለንም ይኸው አሮጌው ነው። አንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ ይይዛል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ለሚሠራ መምህርና ራሱ ሞክሮ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ነው።

ስለ ሽንኩርቱ

በመጀመሪያ የስም ነገር ይጥራ። ከዓመታት በፊት አንድ የላብራቶሪ ማኑዋል «ነጭ ሽንኩርት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ስለተጠቀመ፣ እኔም ሳላስብ ተማሪዎቹን «ነገ ነጭ ሽንኩርት ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። በማግሥቱ ግማሹ ክፍል ፍልፍል ነጭ ሽንኩርት በላስቲክ ቋጥሮ መጣ፤ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ የአዋዜ መክተፊያ መሰለ። ማኑዋሉ ሊል የፈለገው ቀለሙ ነጣ ያለ የወጥ ሽንኩርት ነበር። ነጣ ያለው ዓይነት በእኛ ገበያ እምብዛም አይገኝም፤ ባይገኝም አያሳዝንም፤ ምክንያቱም ለምንፈልገው ሥራ ቀዩ ከነጩ በእጅጉ ይበልጣል። ቀዩን ሽንኩርት ሐምራዊ ያደረገው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው፤ ይህ ቀለም በሴሉ ቫኩዩል፣ ማለትም የሴሉን አብዛኛውን ቦታ በሚይዘው ከረጢት፣ ውስጥ ባለው ፈሳሽ የሟሟ ስለሆነ፣ ሴሉን በሌላ ማቅለሚያ ሳንገድለው የውስጡን እንቅስቃሴ እንድናይ ያስችለናል።

ከመቂና ከቆቃ አካባቢ በጭነት መኪና የሚመጣው ሽንኩርት በየጉሊቱ ስለሚገኝ ለመምረጥ አይቸግርም። ጠንካራ፣ ያልበቀለና ቀለሙ የጠቆረውን ይምረጡ። እናቷ ጉሊት የምትሸጥ አንዲት ተማሪዬ ከእኔ የተሻለ ትመርጣለች፤ አንገቱን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ፣ ከሰጠማት ትተወዋለች። የለሰለሰ ሽንኩርት ብዙ ሴሎቹ ስለሞቱ ለዋናው ሙከራ አይሆንም። አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ለአንድ ሙሉ ክፍል ይበቃል።

ሽንኩርቱን ሲሰነጥቁት እያንዳንዱ ንብርብር ሁለት ገጽ እንዳለው ልብ ይበሉ። ጎድጓዳው የውስጥ ገጽ ቀለም የሌለው ስስ ቆዳ አለው፤ በቀላሉም ይላጣል። ጎባጣው የውጭ ገጽ ግን ሐምራዊ ሲሆን ከሥጋው ጋር ስለሚጣበቅ ለመላጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ስላይድ (ናሙናው ለሚዘረጋበት ጠፍጣፋ መስታወት) የውስጡን፣ ለሁለተኛው የውጩን እንጠቀማለን። ውጭ ያለው እንደ ወረቀት የደረቀው ቅርፊት የሞተ ስለሆነ ይጣላል፤ ከእሱ በታች ካሉት ሥጋማ ንብርብሮች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ተመራጭ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

10 ጊዜ የሚያጎላ የዓይን ሌንስ እንዲሁም 4፣ 10 እና 40 ጊዜ የሚያጎሉ ኦብጀክቲቭ ሌንሶች (ወደ ናሙናው የሚጠጉት) ያሉት ማይክሮስኮፕ ይበቃል። በአንዳንዱ ላይ ያለው ባለ 100 ሌንስ በዘይት ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይነካም። ከዚህ ሌላ ስላይድ፣ ስሱ መሸፈኛ መስታወት (ከቨር ስሊፕ)፣ አዲስ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ፣ ሶፍት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ ጨውና አዮዲን ያስፈልጋሉ። ምላጩ ሁለት ስለት ያለው ከሆነ አንዱን ስለት በፕላስተር ይጠቅልሉት፤ በላብራቶሪያችን እስካሁን የደረሰው ጉዳት ሁሉ የመጣው ባልተጠቀለለ ምላጭ ነው።

የአዮዲን መፍትሔውን ራስዎ ካዘጋጁ፣ 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በጥቂት ውሃ ያሟሙ፤ ከዚያ 1 ግራም አዮዲን ጨምረው እስኪሟሟ ያነቃንቁ፤ በመጨረሻ ውሃ እየጨመሩ 300 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ ያለበት አዮዲን ብቻውን በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ነው። ብርሃን ስለሚያበላሸው ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ ቡናማው፣ ጥሩ ማስቀመጫ ይሆነዋል። ኬሚካሎቹ ከሌሉ ለቁስል የሚሸጠውን የአዮዲን ቲንክቸር አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ማቅጠን ይቻላል። ልብስ ላይ የፈሰሰ አዮዲን በሎሚ ጭማቂ ሲታሽ ይለቃል፤ በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ቀለም ወደሌለው አዮዳይድ ስለሚለውጠው ነው።

የጨው መፍትሔውን ለማዘጋጀት ሚዛን ካለ 5 ግራም ጨው መዝነው በጥቂት ውሃ ካሟሙ በኋላ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉት፤ ይህ 5 በመቶ ይባላል። ሚዛን ከሌለ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ከ5 እስከ 6 ግራም ስለሚመዝን ለመጀመሪያው ማሳያ በቂ ነው። ጨዉ አዮዲን የተጨመረበት መሆኑ ውጤቱን አይለውጠውም።

ማይክሮስኮፑን ማዘጋጀት

መስታወት ያለውን ማይክሮስኮፕ ወደ መስኮት አዙረው ከሰማዩ ወይም ከነጭ ግድግዳ ብርሃን እንዲቀበል ያድርጉ። መስታወቱን በምንም ምክንያት በቀጥታ ወደ ፀሐይ አያዙሩ፤ ተጠራቅሞ ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ዓይንን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። በእኛ ክፍል መስኮቶቹ ወደ ምሥራቅ ስለሆኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ በቀጥታ ትገባለች፤ ስለዚህ ላብራቶሪውን ከ4 ሰዓት በኋላ እንዲውል አድርጌ ፕሮግራም አስይዤአለሁ። ከስቴጁ (ስላይዱ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ) በታች ኮንደንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚሰበስብ ሌንስ፣ የሌለው ማይክሮስኮፕ ከሆነ የመስታወቱን ጎድጓዳ ገጽ፣ ካለው ግን ጠፍጣፋውን ይጠቀሙ።

ሁልጊዜ በትንሹ ሌንስ፣ በባለ 4፣ ይጀምሩ። ስላይዱን ካስቀመጡ በኋላ ዓይንዎን ከዓይን ሌንሱ ላይ አንስተው ከጎን እያዩ፣ በትልቁ ማሽከርከሪያ ሌንሱንና ስላይዱን ያቀራርቡ፤ ከዚያ በሌንሱ እያዩ ቀስ ብለው ያራርቁ፤ ምስሉ የሚጠራው በዚህ ጊዜ ነው። በሌንሱ እያዩ ማቀራረብ ስላይድ ይሰብራል፤ ሌንስም ይፍቃል። ወደ ባለ 40 ሲደርሱ ትልቁን ማሽከርከሪያ ጨርሶ አይንኩት፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የትንሹ ብቻ ነው።

ለተማሪዎች የመጀመሪያ ልምምድ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ «ረ» የሚለውን ፊደል ቆርጠው በስላይድ ላይ ቀጥ አድርገው እንዲያስቀምጡ ያድርጉ። ፊደሉ ተገልብጦ፣ ግራውም ቀኝ ሆኖ ይታያል፤ ስላይዱን ወደ ግራ ሲገፉት ደግሞ ምስሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን አስቀድመው ያላወቁ ተማሪዎች በኋላ ሴሉ «ሸሸን» እያሉ ስላይዱን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሲገፉ ግማሽ ሰዓት ያጠፋሉ።

የመጀመሪያው ስላይድ፦ ቀለም የሌለው ቆዳ በአዮዲን

1. ሽንኩርቱን በቁመቱ ለአራት ይሰንጥቁና አንድ ሥጋማ ንብርብር ይለዩ። ዓይን ማቃጠሉ ሴሎቹ ሲቆረጡ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ኢንዛይምና የሰልፈር ውሕዶች ተገናኝተው በሚፈጥሩት ጋዝ ምክንያት ነው፤ ቆራጩ አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ሌላው ይተርፋል።

2. ንብርብሩን ወደ ውጭ ቀለስ አድርገው ቀጭ ያድርጉት። በስብራቱ ጠርዝ ላይ ከጎድጓዳው ገጽ እንደ ስስ ላስቲክ የሚንጠለጠል ቆዳ ይታያል፤ እሱን በወረንጦ ይዘው በዝግታ ይሳቡ።

3. በስላይዱ መካከል አንድ ጠብታ ውሃ ያኑሩ። ከቆዳው የጣት ጥፍር ግማሽ የሚያህል ቆርጠው ሳይታጠፍ በውሃው ላይ ይዘርጉት። ቆዳው አየር ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ይደርቅና ይጠቀለላል።

4. አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምረው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ።

5. መሸፈኛ መስታወቱን አንዱን ጠርዝ አስነክተው፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ካዘነበሉ በኋላ በወረንጦ ደግፈው በዝግታ ያስተኙት። የተረፈውን ፈሳሽ በሶፍት ጫፍ ይምጠጡ።

አምስተኛውን እርምጃ ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ተማሪዎቼ ያዩትን እንዲስሉ አዝዤ ደብተሩን ስሰበስብ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠርዙ ጥቁርና ወፍራም የሆነ፣ መካከሉ ባዶ ክብ ስለው «ሴል» ብለው ጽፈውበታል። የሳሉት የአየር አረፋ ነበር። መስታወቱን እንደ ክዳን ከላይ ስለጣሉት አየር ከሥሩ ታፍኖ ቀርቶ ነበር፤ እኔም ዞሬ ሳላይ ሰዓቱ አለቀ። የሽንኩርት ቆዳ ሴል ክብ አይደለም፤ ረዥም ሆኖ ጡብ እንደተደረደረበት ግድግዳ ከጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ ነው የሚታየው። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ አንድ ስላይድ በአረፋ ሞልቼ አስቀድሜ አሳያቸዋለሁ።

በባለ 10 ሌንስ ሲያዩ የሴል ግድግዳዎቹ መረብ ሠርተው፣ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንዱ ጎን ተጠግቶ ቢጫማ ቡናማ ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡ ኒውክለስ፣ ማለትም የሴሉን ሥራ የሚመራው ክፍል፣ ነው። ሮበርት ሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1665 የቡሽ ቁራጭ አይቶ «ሴል» የሚለውን ስም ሲሰጥ ያየው የሞቱ ሴሎችን ባዶ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ኒውክለስ ስሙን ያገኘው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ1831፣ በሮበርት ብራውን ነው። ተማሪው በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ የሁለቱንም ያያል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች በየዓመቱ ይነሣሉ። አንደኛው «ክሎሮፕላስቱ (በብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ የሴል ክፍል) የታለ?» የሚል ነው፤ የሽንኩርቱ ራስ ብርሃን በማይደርስበት አፈር ውስጥ ስለሚያድግ ክሎሮፕላስት አይሠራም። ሁለተኛው «አዮዲኑ ለምን ጥቁር ሰማያዊ አልሆነም?» ነው፤ ሽንኩርት ምግቡን የሚያከማቸው በስኳርና በተመሳሳይ ውሕዶች መልክ እንጂ በስታርች መልክ አይደለም። ልዩነቱን ለማሳየት ከተቆረጠ ድንች ላይ በምላጭ ፍቀው የወጣውን ነጭ ፈሳሽ በስላይድ ላይ አድርገው አዮዲን ጠብ ቢያደርጉበት፣ የስታርች ቅንጣቶቹ ወዲያው ይጠቁራሉ።

ሴሉን መለካት

ይህን ክፍል ብዙ መምህራን ይዘሉታል፤ የሚወስደው ግን አሥር ደቂቃ ነው። በባለ 4 ሌንስ ሥር ግልጹን ማስመሪያ አስቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚታይ ይቁጠሩ። በእኛ ማይክሮስኮፕ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 4500 ማይክሮሜትር ነው። ማጉላቱ ሲጨምር የሚታየው ስፋት በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በባለ 10 ሌንስ የሚታየው 4500 በ4 ተባዝቶ ለ10 ተካፍሎ 1800 ማይክሮሜትር ይሆናል። በዚህ ስፋት ውስጥ በቁመታቸው 6 ሴሎች ከተደረደሩ የአንዱ ርዝመት 300 ማይክሮሜትር ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ተማሪው ይህን ሴል በደብተሩ 60 ሚሊ ሜትር አድርጎ ከሳለው፣ ሥዕሉ ሴሉን 200 ጊዜ አጉልቶታል። ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ይኸው ቁጥር ነው እንጂ የማይክሮስኮፑ ማጉያ አይደለም፤ በዚህ የማይሳሳት ተማሪ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ስላይድ፦ ሐምራዊው ቆዳና ጨው

ከሁሉ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለ። አዮዲን ሴሉን ይገድለዋል። ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ በአዮዲን በተቀለመው የመጀመሪያ ስላይድ ላይ ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ ምንም ነገር ሳይታይ ይቀርና «ሙከራው አይሠራም» ተብሎ ይተዋል። ይህ ሙከራ ሕያው ሴል ይፈልጋል፤ ቀዩን ሽንኩርት የመረጥነውም ማቅለሚያ ስለማያሻው ነው።

ከሽንኩርቱ ጎባጣ ገጽ ላይ ቀለሙ የጠቆረበትን ቦታ ፈልገው በምላጭ ጫፍ የ5 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ይጫሩ። ጭረቱ ጥልቅ መሆን የለበትም። አንዱን ማዕዘን በወረንጦ አንስተው ቆዳውን ወደ ጎን ይሳቡ። ነጭ ሥጋ ተጣብቆ ከመጣ ብዙ የሴል ንብርብሮች ተደራርበው ብርሃን ይከለክላሉና ሌላ ይሞክሩ፤ ወይም የቁራጩ ጠርዝ ላይ ቆዳው የሳሳበትን ቦታ ይፈልጉ። እኔ ራሴ በአማካይ ሦስተኛው ላይ ነው የሚሳካልኝ። ቆዳውን በአንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ላይ ዘርግተው እንደ ቀድሞው ይሸፍኑት።

በባለ 10 ሌንስ ሲያዩ እያንዳንዱ ሴል ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ ቀለም የሌላቸው ጥቂት ሴሎች ሲቆረጡ የተጎዱ ናቸው። አንድ ቀለሙ የጠቆረ ሴል መርጠው በመሃል ያድርጉት፤ ተማሪውም አሁኑኑ እንዲስለው ይንገሩት። በዚህ ሥዕል ላይ ሁለተኛ መስመር እንዲያሰምር አይፍቀዱለት፤ ያላየውን አይስልም።

አሁን ከመሸፈኛ መስታወቱ በአንድ በኩል ጠርዙን አስነክተው አንድ ጠብታ ባለ 5 በመቶ የጨው መፍትሔ ያኑሩ፤ በተቃራኒው ጠርዝ የሶፍት ቁራጭ ያስነኩ። ሶፍቱ ውሃውን ሲስብ የጨው መፍትሔው በመስታወቱ ሥር ገብቶ ቦታውን ይተካል። ሶፍቱን መጫን መስታወቱን ከነቆዳው ይጎትታል፤ የመረጡት ሴልም ከእይታ ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ጠብታውን ሲይዝና ሌላው ሶፍቱን ሲያስነካ፣ ሦስተኛው ዓይኑን ሳያነሣ ሴሉን ይጠብቅ።

ለውጡ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። በመጀመሪያ ሐምራዊው ቀለም ከሴሉ ማዕዘኖች ይሸሻል፤ ማዕዘኖቹ ነጭ ይሆናሉ። ቀጥሎ ከረዣዥሞቹ ጎኖች እየተላቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ቀለሙም ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ይጠቁራል። በመጨረሻ፣ ቅርጹን ሳይለውጥ በቆመው የግድግዳ ክፈፍ ውስጥ ሐምራዊ እንቁላል የተቀመጠ ይመስላል። ባለፈው ዓመት በማይክሮስኮፑ ላይ የነበረ አንድ ጸጥተኛ ልጅ በዚህ ጊዜ «ቲቸር፣ ለቀቀ! ለቀቀ!» ብሎ ሲጮህ ሰልፉ ፈርሶ ሁሉም ተጋፍቶበታል።

የዚያ ሐምራዊ እንቁላል ጠርዝ ሜምብሬኑ ያለበት ቦታ ነው። በጥንቃቄ ለመናገር፣ ቀለሙን የያዘው ቫኩዩሉ ነው፤ በቫኩዩሉና በሜምብሬኑ መካከል ስስ ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም የሴሉ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ አለ፤ ይሁን እንጂ ሳይቶፕላዝሙ በጣም የሳሳ ስለሆነ የቀለሙ ጠርዝ የሜምብሬኑን መንገድ ይከተላል። ይህ ክስተት ፕላዝሞሊሲስ ይባላል። የሆነው ነገር፦ ከሴሉ ውጭ ያለው ፈሳሽ ጨው ስለበዛበት የውሃው ድርሻ ከሴሉ ውስጥ ካለው ያንሳል፤ ውሃም ከበዛበት ወደ አነሰበት፣ መርጦ በሚያሳልፈው ሜምብሬን በኩል ይወጣል። ይህ የውሃ ጉዞ ኦስሞሲስ ነው።

አሁን ተማሪዎቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፤ በግድግዳውና በሐምራዊው እንቁላል መካከል በተፈጠረው ነጭ ክፍተት ውስጥ ምን አለ? አብዛኞቹ «አየር» ይላሉ፤ ጥቂቶች «ባዶ ነው» ይላሉ። ትክክለኛው መልስ የጨው መፍትሔ ነው። የሴል ግድግዳ ውሃንም ጨውንም ያለ ልዩነት ያሳልፋል፤ የሚያግደው ሜምብሬኑ ነው። ሁለቱ መስመሮች ሥራቸው የተለያየ መሆኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛውን መስመር አሁን መሳል ይፈቀዳል።

ሳይዘገዩ በዚያው ዘዴ ንጹሕ ውሃ ያሳልፉበት፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ሊያስፈልግ ይችላል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሐምራዊው ቀለም ተመልሶ ሴሉን ይሞላል። ካልተመለሰ ሴሉ በጨዉ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሞቷል፤ ይህም ራሱ ተመዝግቦ የሚያዝ ውጤት ነው።

ማነጻጸሪያዎቹ

ቀለሙ የሸሸው በጨዉ ምክንያት መሆኑን ለማረጋገጥ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ የተዘጋጀ ሌላ ስላይድ እኩል ጊዜ ተቀምጦ መታየት አለበት። ይህኛው አጭር ሥራ ነው፤ ምንም አይለወጥም።

የሚያስተምረው ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ነው። አንድ የሐምራዊ ቆዳ ቁራጭ በፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይክተቱ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ በእኛ አካባቢ 93 ገደማ ላይ ነው፤ ሜምብሬንን ለማፍረስ ግን ከበቂ በላይ ነው። ቁራጩን አውጥተው ጨው ቢጨምሩበት ፕላዝሞሊሲስ አይታይም፤ ቀለሙም ከሴሎቹ ወጥቶ ውሃውን ያቀላዋል። ሜምብሬኑ ስለፈረሰ ቀለሙን የሚይዘው፣ ጨዉንም የሚያግደው የለም።

ይህን ለማስረዳት ከቁሌት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እናቶቻችን የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይትና ያለ ውሃ ድስት ውስጥ ጨምረው ሲያቁላሉት፣ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይርሳል፤ ያ ውሃ የሚወጣው ሙቀቱ ሜምብሬኑን ስላፈረሰው ነው። በሰላጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ከሳህኑ ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ግን፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ሜምብሬናቸው ካልፈረሰ ሴሎችም በኦስሞሲስ የወጣ ነው። ተማሪዎቹን «ሁለቱን ሽንኩርቶች ውሃ ውስጥ ብንከታቸው የትኛው ተመልሶ ይጠነክራል?» ብለው ይጠይቋቸውና ራሳቸው ይሞክሩት።

መጠኑን መቀያየር

ጊዜ ከተረፈ፣ ወይም ለሳይንስ ክበብ፣ ከባለ 5 በመቶው በሲሪንጅ እየለኩ የቀጠኑ መፍትሔዎችን ያዘጋጁ፦ 2 ሚሊ ሊትር በ8 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 በመቶ፣ 3 በ7 ውሃ 1.5 በመቶ፣ 4 በ6 ውሃ 2 በመቶ፣ 6 በ4 ውሃ 3 በመቶ ይሰጣል። በየመፍትሔው አንድ ቁራጭ ቆዳ ለ10 ደቂቃ ነክረው፣ ከ50 ሐምራዊ ሴሎች ውስጥ ስንቶቹ እንደተላቀቁ ይቁጠሩ። ውጤቱ በግራፍ ሲቀመጥ ግማሾቹ ሴሎች የተላቀቁበት መጠን ይነበባል፤ ይህም ከሴሉ የውስጥ ፈሳሽ ክምችት ጋር የሚቀራረበው ነው። ሁሉም ቁራጮች ከአንድ ሽንኩርት፣ ከአንድ ንብርብር መወሰድ አለባቸው፤ አለዚያ የሚለካው የጨዉ ልዩነት ይሁን የሽንኩርቱ አይታወቅም።

በሁለት ማይክሮስኮፕ ስልሳ ተማሪ

ክፍሉን በስድስት ስድስት ተማሪዎች ከፍዬ፣ ሁለት ቡድን በማይክሮስኮፕ ላይ ሲሆን ሌሎቹ ቆዳ ሲልጡ፣ ሲለኩና ሲስሉ ይቆያሉ። ልጣጩ ጊዜ ስለሚወስድ ወረፋው እንደሚታሰበው አያሰለችም። የጨዉን ለውጥ ግን ሁሉም በራሱ ዓይን ሊያየው ጊዜ አይበቃም፤ ስለዚህ የራሴን ስልክ ካሜራ በዓይን ሌንሱ ላይ ደግኜ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ካሜራውን በእጅ ከመያዝ ይልቅ ከካርቶን የተጠቀለለ ቱቦ ለዓይን ሌንሱ ቢሠሩለትና ስልኩን በእሱ ላይ ቢያሳርፉት ምስሉ አይንቀጠቀጥም። ቪዲዮው ራስን ማየት አይተካም፤ ቢያንስ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ተማሪ በዓይኑ ያየ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ምላጮቹንና የተሰበሩ መስታወቶችን በቆርቆሮ ጣሳ ይሰብስቡ፤ ላብራቶሪ የገባ ሽንኩርት የቱንም ያህል ቢተርፍ ወደ ወጥ አይመለስም። ትንሹን ሌንስ ወደ ቦታው መልሰው ሌንሶቹን ለስላሳ በሆነ ደረቅ የሌንስ ወረቀት ይጥረጉ እንጂ በሶፍት አይፈትጓቸው። ከስላይዱ ጠርዝ የተንጠባጠበ የጨው ውሃ በስቴጁ ላይ ከደረቀ ብረቱን ያዝገዋል፤ ስለዚህ ስቴጁንና መያዣ ምላሶቹን መጀመሪያ በረጠበ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ አጥርተው፣ ማይክሮስኮፑን ከመሸፈንዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንዲናፈስ ይተዉት።